የጎጃምን ልብ ወለዶች ለምታትሙና ለምታስነብቡ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ልብ ወለድ ለምታሳትሙና እንደገና ለምታትሙ ድርጅቶች፣ መጻሕፍት ለምታከፋፍሉ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም በየከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምትመሩ ኃላፊዎች

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምሁ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ነው። የምተዳደረው በእህል ንግድ ነው። ሥነ ጽሑፍ አልተማርሁም፤ ስለ መጽሐፍም ከዚህ በፊት አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። የማነበው ጊዜ ሲተርፈኝ፣ በተለይ በክረምት መንገዱ ጨቅይቶ ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወራት ነው። ባለፈው ክረምትና ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ ያነበብኋቸው ልብ ወለዶች አብዛኞቹ የጎጃም ሰዎች የጻፏቸው ስለሆኑ፣ ስለ ይዘታቸውም ስለ አቀራረባቸውም ብዙ የምለው ነገር ተጠራቀመብኝ፤ የቡና ላይ ወሬ ሆኖ ከሚቀርም መጻሕፍቱን ለሚያትሙትና ለሚያስነብቡት ሰዎች በግልጽ ልናገረው ብዬ ተነሣሁ።

የምለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ጎጃም ያፈራቸው ታላላቅ ልብ ወለዶች እምቢ የሚሉ መጻሕፍት ናቸው፤ በግብር፣ በዘር ቆጠራ፣ በድኻ ሆኖ በመወለድ ላይ የቀረቡ ክሶች ናቸው። እናንተ ግን ከመካከላቸው አንዱን ብቻ መርጣችሁ፣ እሱንም የሚያስለቅስ የፍቅር ታሪክ ነው እያላችሁ ትሸጡልናላችሁ፤ ሌሎቹን ደግሞ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው።

ከአንዱ ልጀምር። የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በእኛ አገር ስሙን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ያወቅነው ግን በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው የሰማ ሰው ድምፁን እስከ ዛሬ አይረሳውም፤ ያም ትረካ መጽሐፉን ለማያነበው ሕዝብ ስላደረሰው ምስጋና እንጂ ቅሬታ አይገባውም። ቅሬታዬ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ከመጽሐፉ ውስጥ ሰው ጨብጦ የቀረው የሁለቱ ወጣቶች እንባ ብቻ መሆኑ ነው። ለእኔ መጽሐፉን የሸጠልኝ ነጋዴ እንኳ፣ በፌስታል አድርጎ እየሰጠኝ «ይኼ የፍቅር ነው፣ ጋሼ፤ ያስለቅስዎታል» ነበር ያለኝ።

መጽሐፉን የከፈተ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አይደለም። የማንኩሳን መንደር ነው የሚያገኘው፤ ከዚያም ቦጋለ መብራቱንና፣ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራትን ውድነሽ በጣሙን። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ሳያልፍ አይሄድም፤ እኔም ከዚያ የሚመጣ በቆሎና በርበሬ ስመዝን ነው የኖርሁት፤ ስለዚህ የእነዚያን ሁለት ሰዎች ቤት ሳነብ የማውቀው ደጅ ላይ የቆምሁ ያህል ተሰማኝ። ሁለቱም ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ናቸው፤ ያለ ሰርግ ጋጋታ ተጋብተው፣ ተፈራርተውና ተዛዝነው ይኖራሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የማምነው ፍቅር የእነርሱ ነው፤ ስለ እርሱ ሲያወራ የሰማሁት ሰው ግን የለም። ልጃቸውን ለእግዚአብሔር የተሳሉበት ስለትም የታሪኩ ሁሉ ቋጠሮ ነው፤ በዛብህ ገና አፉን ሳይፈታ ሌሎች የቆረጡለትን ኑሮ ተሸክሞ ነው ያደገው። ይህ የፍቅር ታሪክ መግቢያ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ወላጅ በልጁ ዕድሜ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚል ከባድ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወደ ባላባቱ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ እንገባለን። ፊታውራሪ ለሴት ልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ፣ ልጅቱ የማግቢያ ጊዜዋ እያለፈ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚስቅ አንባቢ አለ፤ እኔ አልሳቅሁም። ዛሬም በእኛ ሰፈር ሽማግሌ በተላከ ቁጥር፣ ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት ከመቁጠሩ ጋር ተያይዞ፣ የልጁ አያት ሸማኔ ነበሩ ወይስ አንጥረኛ የሚል ጥያቄ ከጓዳ ይነሣል፤ ጠያቂዎቹም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ደራሲው ይህን የጻፉት ከስልሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በፊት ነው።

ግን የመጽሐፉ ወገብ እዚህም አይደለም። ወገቡ ገበሬዎቹ ናቸው። ፊታውራሪ ከተለመደው በላይ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ ይመካከራሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት አንከፍልም ይላሉ፤ ፊታውራሪ ሊወጓቸው ሲዘምቱም ያን ሁሉ የሚፎክር ጌታ ይማርካሉ። ይህን ምዕራፍ በመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ ሳነብ፣ በቆሎ ሊሸጡ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ኩንታላቸው እስኪመዘን ድረስ ምን እንደማነብ ጠየቁኝ። ገበሬዎቹ የሚመክሩበትን ቦታ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ላይ ሳይነቅሉ ሲሰሙ ቆይተው፣ ንባቡን ባቆምሁ ጊዜ «እንደው ልጄ፣ ግብሩስ ቀረላቸው ወይ?» አሉኝ። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ምንም አልጠየቁኝም። ይህን መጽሐፍ በትክክል ካነበቡት ሰዎች መካከል አንዱ፣ ፊደል የማይለዩት እኒህ ሰው ይመስሉኛል።

ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ የጎጃም ገበሬ ደግሞ አዋጁ ርስቱን ለመለካትና በኋላም ለመንጠቅ የመጣ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ፣ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌሎችም ቦታዎች አመፀ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከቦታቸው አነሣ፤ ግብሩንም ሳይሰበስብ ቀረ። ደራሲው ነቢይ ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተከታትለው ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ ግን፣ የጎጃም ገበሬ እስከ የት ድረስ እንደሚታገሥና የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር። እንደገና ባነበብሁት ቅጂ ላይ ስለዚህ ነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር የመግቢያ ማስታወሻ አላገኘሁም፤ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ቢያይ ኖሮ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያነበው ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ጉዱ ካሣን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየከተማችን ራሱን ጉዱ ካሣ ብሎ የሚጠራ፣ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ማኅበረሰቡን የሚወቅስ አንድ ሰው አይጠፋም። አበጀ በለውን ግን የሚያስታውስ የለም። ጉዱ ካሣ የተባለው ካሣ ዳምጤ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ የሚናገረውም ባማረ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አገር የፊታውራሪን ክንድ የሰበረው ንግግሩ አይደለም። የተናጋሪውን ስም አንሥተን የሠሪውን መርሳታችን ስለ እኛ አንድ ነገር የሚናገር ይመስለኛል፤ የመጽሐፉ አቅራቢዎችም ለዚህ መርሳት ድርሻ አላችሁ፤ በምትጽፏቸው ማስታወቂያዎች ላይ ሁልጊዜ የሚነሡት ሁለቱ ፍቅረኞችና ጉዱ ካሣ ናቸውና።

ማወደስ ብቻ እንዳይመስልብኝ የማይጥመኝንም ልናገር። መጽሐፉ ውስጥ ሰዎች ሲነጋገሩ አንዳንዴ የሚነጋገሩት ከጎናቸው ላለው ሰው ሳይሆን ለጉባኤ ይመስላል፤ አንዱ ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ሌላው እንዴት ዝም ብሎ እንደሚሰማ ይገርማል። በዛብህ ቅኔ አዋቂና መልከ መልካም ይሁን እንጂ፣ በራሱ ነገር ላይ ቆርጦ የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ትዕግሥቴን ፈትኖታል። ሰብለ ወንጌል ከእርሱ ይልቅ ደፋር ናት፤ የምትወደውን ፍለጋ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ አገር የምታቋርጥ እርስዋ ናት። ደራሲው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነውር የሌለባት አድርገው ስለ ሣሏት፣ ስትቆጣ እንኳ ቁጣዋን በሙሉ ልቤ ማመን አቅቶኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ፍቅረኞችና ጉዱ ካሣ ሦስቱም በአንድ መቃብር ሲያርፉ አለቀስሁ ወይ ብትሉኝ፣ አለቀስሁ፤ ነጋዴው በዚህ አልዋሸኝም።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ የዘጌውን ሰው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» አነበብሁ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ የታተመው ይህ አጭር መጽሐፍ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር እንደ ሆነ ይነገራል፤ ከጣና ዳር የተነሣ ሰው የጻፈው መሆኑን ግን በባሕር ዳር መንገዶች ላይ ከሚመላለሱት ወጣቶች ስንቱ እንደሚያውቀው እጠራጠራለሁ። አማርኛው ግሩም ነው፤ አንዱን ነገር ሦስትና አራት ጊዜ በተለያየ ቃል እየደራረበ የሚናገርበት መንገድ፣ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ቢያደክምም በኋላ እንደ በገና ምት ይለመዳል። ታሪኩ ራሱ የማይታመን አጋጣሚ የበዛበት ነው፤ የሚፈለገው ሰው ሁልጊዜ በሚፈለግበት ሰዓት ከመንገድ ላይ ይገኛል። ከሁሉ የሳበኝ ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ መንገድ መውጣቷ ነው። ከእርሷ እስከ ሰብለ ወንጌል ድረስ ሃምሳ ስምንት ዓመት አለ፤ ሁለቱም ጎጃሜ ደራሲዎች ግን አንዲት ሴት መንገድ እንድትወጣ ሲፈልጉ ቀሚሷን ማስለወጥ ግድ ሆኖባቸዋል። የዚህን ምክንያት የሚጽፍልን ሰው ብታገኙ፣ መግቢያውን አስጽፋችሁ ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ብታስተዋውቁ ገዢ አታጡም። አፈወርቅ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር መቆማቸው ብዙ ሰው መጽሐፋቸውን እንዳይነካ እንዳደረገው ይገባኛል፤ እኔም ይህንን እያወቅሁ ነው ያነበብሁት፤ መጽሐፉን ማንበብ ለሰውየው ምስክር መሆን አይደለም።

ስለ አቤ ጉበኛ ግን በእርጋታ መጻፍ ይከብደኛል። ይህ የአቸፈር ልጅ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» ውስጥ፣ በእናቱ ማኅፀን ያለ ልጅ ድኻ ሆኖ ለመወለድ እምቢ ብሎ ይከራከራል። ሐሳቡ ብቻውን በዚያ ዘመን ለነበረ አንባቢ ምን ያህል አስደንጋጭ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም፤ መንግሥትም መጽሐፉን ከማገድ አልተመለሰም። ስለ አጻጻፉ ከተጠየቅሁ፣ ከሀዲስ ጋር የሚተካከል አይደለም። ይቸኩላል፤ ይቆጣል፤ ገጸ ባሕርያቱ ሥጋ ከመልበሳቸው በፊት ንግግር ይጀምራሉ። ይሁን እንጂ ከሀዲስ መጽሐፍ ይልቅ ሌሊት ከእንቅልፌ ያስነሣኝ ይህኛው ነው። እኔ በምሠራበት ገበያ፣ ሸክም ለመሸከም ከገጠር የሚመጡ ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች አሉ፤ የማኅፀኑን ልጅ ክርክር ካነበብሁ በኋላ የእነርሱን ዋጋ ስከራከር አፌ ይያዛል። አንድ ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅበት አላውቅም።

ይህን መጽሐፍ ያነበብሁት ግን በምን ዓይነት ቅጂ መሰላችሁ? ከቅጂ ላይ የተቀዳ፣ የገጾቹ ዳር የጠቆረ፣ በአንዳንድ ቦታ የመስመሩ የመጨረሻ ፊደል ተቆርጦ የቀረ፣ አንድ እጥፍ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ የተሰፋ ነበር። የሸጠልኝ ሰው ከዚህ የተሻለ እንደማላገኝ ነግሮኝ ነው የገዛሁት፤ እውነቱንም ነው፣ አላገኘሁም።

ከጎጃም ውጪ ያሉትን ሁለቱን በአጭሩ ላንሣ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) አስቸግሮኛል፤ ማን እየተናገረ እንደ ሆነ ለመለየት ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደ ተመለስሁ ባልናገር ይሻላል። የባላባቷ የወይዘሮ አሰጋሽ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሲያልፍልኝ እደግመዋለሁ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ደግሞ ስጀምረው ሳላስቀምጠው ጨረስሁት። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በማግሥቱ ዓመት ደብዛው የጠፋበት መጽሐፍ መሆኑን እያወቁ ማንበብ ከባድ ነው፤ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የጸጋዬ ኃይለማርያምን እያንዳንዱን ቀልድ ሳነብ ደራሲውን እያሰብሁ ነበር።

የቅርብ ጊዜዎቹን ልብ ወለዶችም ከወዳጆች ተውሼ አንብቤአለሁ፤ የደራሲዎቹን ስም መጥራት አልፈልግም፣ ገና በመጻፍ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸውና። ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይጀምራሉ፣ እዚያው ይጨርሳሉ። ገጠር ብቅ የሚለው ጀግናው ልጅነቱን ሲያስታውስ ነው፤ ያን ጊዜም የምናየው ምንጭ፣ ለምለም መስክና የአያት ጭን ነው። ማዳበሪያ በጊዜው ሳይደርስለት ቀርቶ ዘሩን ይዞ ሰማይ የሚያይ ገበሬ፣ የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ይዛ ከወንድሞቿ ጋር ፍርድ ቤት የምትመላለስ ሴት፣ ከቆሎ ትምህርት ቤት ወጥቶ ባጃጅ የሚነዳ ተማሪ፣ እነዚህ በዙሪያዬ ሞልተዋል፤ በመጽሐፍ ውስጥ ግን አላገኘኋቸውም። ደራሲዎቹን ለዚህ ብቻ አልወቅስም። የሚጽፉት ለሚገዛቸው ሰው ነው፤ የሚገዛቸውም መጽሐፉ የሚደርስበት ከተማ ሰው ነው። እኛ ዘንድ መጽሐፉ የማይደርስ ከሆነ፣ ስለ እኛ እንዲጻፍ መጠበቃችን ከንቱ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ትጋት የሚፈልግ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስታትሙ፣ ፊደሉ እንዳይሳሳት ከቀደመው እትም ጋር ቃል በቃል የሚያስተያይ ሰው ይኑራችሁ፤ መጽሐፉ መጀመሪያ መቼ እንደ ታተመ፣ ደራሲው ማን እንደ ነበሩ፣ በዚያን ዘመን ጉልትና ርስት ምን ማለት እንደ ነበረ በአራትና በአምስት ገጽ የሚያስረዳ መግቢያም ይኑረው፤ የዛሬ ልጅ ጉልተኛ ከባለ ርስት በምን እንደሚለይ ሳያውቅ አበጀ በለው ለምን እንደ ተነሣ ሊገባው አይችልም። የዚሁ ደራሲ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974 ዓ.ም.) እና «የልም እዣት» (1980 ዓ.ም.) ከእኛ ገበያ ጠፍተዋል፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ደብረ ማርቆስ ያሉትን ሻጮች ጠይቄ ሁለተኛውን ስሙን እንኳ የሰማ አላገኘሁም። በአንድ መጽሐፍ ስም የምንምልበት ደራሲ የቀሩት ሥራዎቹ በአገሩ አይገኙም ማለት ነው። ከእነርሱ ጋር የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» እና ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈውን «አንድ ለእናቱ»ን፣ ባለመብቶቹን አስፈቅዳችሁና የሚገባቸውን ከፍላችሁ፣ ሰው በሚያነበው ንጹሕ ፊደል አውጡልን። የተቀዳ ቅጂ የሚሸጡትን ልትከሱ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ትክክለኛው እትም በሌለበት ገበያ አንባቢው ምን ምርጫ አለው?

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ሆይ፣ በየወረዳው የምታስተዳድሯቸው መደርደሪያዎች በመማሪያ መጻሕፍትና በአሮጌ የስልጠና ሰነዶች የተሞሉ መሆናቸውን አይቻለሁ። ልብ ወለድ ካለም ተቆልፎበት ነው፤ ውሰዱና አንብባችሁ መልሱ የሚል አሠራር አላየሁም። ገበያው ቅዳሜ በሚውልበት ከተማ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ዝግ መሆኑ ደግሞ ለማን ተብሎ እንደ ሆነ አይገባኝም፤ የገጠሩ መምህርና ተማሪ ወደ ከተማ የሚወጣው በዚያ ቀን ነው። ቅዳሜ ክፈቱልን። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በሆነው ነገር ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ሥራ ሲቆም፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሰነበተበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዚያ ጊዜ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲዞር የነበረ አንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ ስንት ቤት እንደ ገባ ብታዩ፣ አንባቢ የለም የሚለውን ሰበብ ዳግመኛ ባላነሣችሁት ነበር።

አከፋፋዮችን በተመለከተ፣ እኔም ነጋዴ ነኝና የትራንስፖርቱን ወጪና ሳይሸጥ የሚመለሰውን ዕቃ ኪሣራ አውቀዋለሁ። ሃምሳ ቅጂ ላኩልን አልልም። በእያንዳንዳቸው ርእስ ዐሥር ዐሥር ቅጂ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬ፣ ለደጀንና ለሞጣ ብትልኩ፣ የእኛን ከተማ ድርሻ በመጋዘኔ በር ላይ ያለ ትርፍ ለመሸጥ ፈቃደኛ ነኝ፤ የማይሸጠውንም በራሴ ወጪ እመልሳለሁ። ይህን ቃሌን በጽሑፍ እንድሰጥ ከፈለጋችሁ፣ ይህ ደብዳቤ ይቁጠርልኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

አንድ የእህል ነጋዴና አንባቢ፣
ፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም